ሉዋው ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ አሳማም ለማትበሉት

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። በነሐሴ ከባልሽና ከልጆችሽ ጋር ሆኖሉሉ ልትሄጂ ነው፣ ሉዋው የሚሉት የሃዋይ ግብዣና ጭፈራ ለዛ ሁሉ ብር ያዋጣል ወይ፣ አሳማ አንበላም፣ ፍልሰታም ነው ብለሻል። እኔ ሆኖሉሉ ያለችበት ደሴት ኦዋሁም፣ ሌላዋ የሃዋይ ደሴት ማዊም ላይ ታድሜያለሁ፣ እኛም ቤት አሳማ አይበላም። ሂጂ ነው የምልሽ፣ ግን ለምግቡ ሳይሆን ሁላ ለሚሉት የሃዋይ ጭፈራ ብለሽ ሂጂ።

አሳማው የድግሱ ዋና ነገር መሆኑ እውነት ነው። ኢሙ በሚሉት ጉድጓድ ውስጥ በጋለ ድንጋይ ላይ ተደርጎ፣ በቅጠል፣ በሙዝ ግንድና በጆንያ ተሸፍኖ፣ አፈር ተመልሶበት ለሰዓታት ይበስላል። ባትበሉትም ሲከፈት እዩት፣ ለሱ ስትሉ ቀደም ብላችሁ ግቡ። አፈሩን ጠርገው ጆንያውን ሲገልጡት እንፋሎቱ ቡልቅ ይልና የጠቆረው ቅጠል ይታያል፣ ጭሱና የእርጥብ ቅጠሉ ሽታ አንድ ላይ ይመጣል፣ ልጆች በጣም ነው የሚወዱት።

የጾሙን ነገር በተመለከተ ቲኬት ስትቆርጪ ቪጋን ነን ብለሽ ጻፊላቸው፣ እዛ ደርሰሽ ብትጠይቂ ግን ሩዝና ሰላጣ ብቻ ሊደርስሽ ይችላል። ሐምራዊው ስኳር ድንች ይበላል፣ ሃውፒያ የሚሉት ጣፋጭ ከኮኮናት ወተት ነው የሚሠራው፣ እሱም ችግር የለውም። መኮሮኒ ሰላጣው ማዮኔዝ አለበት። ሎሚ ሳልመን የሚሉት ቲማቲምና ሽንኩርት የገባበት ጥሬ ዓሣ ነው፣ እኛ ቤት ዓሣ በጾም አይበላም፣ የናንተን እናንተ ታውቃላችሁ። ላውላው በቅጠል የተጠቀለለ ስለሆነ አትክልት ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ አሳማ አለ፣ ሳትጠይቂ ለልጆቹ እንዳታነሺላቸው።

ፖይ ደግሞ የኛው ጎደሬ ነው፣ ተቀቅሎ ተወቅጦ በውሃ የቀጠነ፣ ሲያድር እንደ ሊጥ ይኮመጥጣል። ቀምሰው ፊታቸውን የሚያጨማድዱና የሚሳለቁበት ቱሪስቶች አሉ፣ እኔ በጣም ነው የሚከፋኝ። በሃዋይ ሰዎች ትውፊት ጎደሬ ማለት ታላቅ ወንድም ነው፣ ሞቶ ከተወለደ የበኩር ልጅ መቃብር በቀለ ይላሉ፣ የሰው ዘር የመጣው ደግሞ ከሱ ታናሽ ነው። ፖዩ ገበታ ላይ ተከፍቶ እያለ መጣላት ነውር ነው። ይሄንን ለልጆቹ ቀድመሽ ብትነግሪያቸው በክብር ይቀምሱታል።

ወደ ጭፈራው ስመጣ፣ አንድ ነገር ብቻ አደራ እልሻለሁ፣ ካሂኮ የሚሉት የጥንቱ ሁላ ሲጀመር ስልክም ሳህንም አስቀምጡ። ጊታር የለ፣ ኡኩሌሌ የሚሉት ትንሹ ጊታር የለ፣ አንድ ሰው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ትልቅ ቅል እየመታ ያዜማል፣ ጨፋሪዎቹ ጉልበታቸውን አጥፈው በባዶ እግራቸው መሬቱን ሲረግጡ ድምፁ ደረትሽ ውስጥ ይገባል። በጽሕፈት ያልነበረ የነገሥታት የትውልድ ሐረግና የአማልክት ታሪክ የተያዘው በዚህ ነው። ንግሥት ካአሁማኑ ክርስቲያን ከሆነች በኋላ በፈረንጆቹ 1830 በአደባባይ ሁላ መጨፈር ከልክላ ነበር፣ ሰዎቹ ግን በድብቅ ለልጆቻቸው አስተላለፉት፣ በ1883 ንጉሥ ካላካዋ የዘውድ በዓሉ ላይ አደባባይ አወጣው። የራሷን ዜማና ወረብ ስትሰማ ያደገች ሴት ይሄንን ሳትነካ የምታልፈው አይመስለኝም። ብዙ ሰው ግን ይሄኔ ነው ቡፌ ሊደግም የሚነሳው!

ከዛ በኋላ የሚመጣው በኡኩሌሌና በጊታር የሚጨፈረው፣ አውአና የሚሉት የኋለኛው ዘመን ሁላ ለስላሳ ነው፣ እጃቸውን አይተሽ ዝናቡን፣ ማዕበሉን፣ አበባውን ትለያለሽ። መጨረሻ ላይ ሁሉም የሚጮህለት የእሳት ቢላዋ ጭፈራ የሃዋይ ሳይሆን የሳሞአ ነው፣ ዳሌ በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ከበሮ ደግሞ የታሂቲ። ደስ ይላሉ፣ ልጆቹ ግን የየማን እንደሆነ ለይተው ቢያውቁ ጥሩ ነው።

የት የሚለውን በተመለከተ፣ ከልጆች ጋር ከሆነ ላይኤ ያለው የፖሊኔዥያ የባህል ማዕከል ይሻላችኋል፣ የሆኖሉሉ የቱሪስት ሰፈር ከሆነው ከዋይኪኪ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ የሳሞአ የቶንጋ የፊጂ መንደሮቹን በቀን እያያችሁ ትውሉና ማታ ግብዣው አለ። ባለቤቱ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ አልኮል የለም፣ እሁድም ዝግ ነው፣ ፕሮግራማችሁን በዛ አስተካክሉ። የሃዋይን ብቻ ማየት ለሚፈልግ የኔ ምርጫ ማዊ ላይ ያለው ኦልድ ላሃይና ሉዋው ነው፣ እዛ የእሳት ጭፈራ የለም፣ የላሃይና ከተማ በ2023 ስትቃጠል እሱ ተርፎ በ2024 ተከፍቷል። ግን ሌላ ደሴት ስለሆነ ፕሌን ያስፈልጋችኋል፣ ለአሁኑ ይቅርባችሁ።

ዋጋው አሁን ለአዋቂ ብዙ ቦታ ከ150 ዶላር በላይ ነው። ተጨማሪ ክፈሉ ካሏችሁ ለመጠጥ ፓኬጅ ሳይሆን ለፊት ወንበር ክፈሉ፣ ከኋላ ሆኖ የእጅ ጭፈራ አይታይም። ለልጆቹም ሹራብ ያዙ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ይበርዳል።