ጌኮ ሲንቀጠቀጥ ክብሪት አይጫርለትም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ9 ዓመት ልጄ ሌፐርድ ጌኮ የሚባል ትንሽ እንሽላሊት አለው፤ ስሙን «ነብሮ» ብሎታል። እኛ ጋ ከመጣ ዓመት ተኩል ሆኖታል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ሆዱን ይጎትታል፣ ምግቡን ሊይዝ ሲል ይስታል። ሐሙስ ማታ ልጄ ሲያነሳው እግሮቹ ተንቀጠቀጡ፤ ከዚያ ሰውነቱ ተገትሮ አንድ ደቂቃ ያህል ቆየ። እናቴ ክብሪት ጭራ አሸተተችው። እኔም ሐኪም ያዘዘልኝን ባለ 50,000 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ካፕሱል ወግቼ አንድ ጠብታ አፉ ላይ አደረግሁለት። የሚበላው ሚልዎርም የሚባለውን የጥንዚዛ እጭ ብቻ ነው፤ የሚተኛው ሱቁ «ካልሲየም ያለው ነው» ብሎ በሸጠልን አሸዋ ላይ ነው። አልትራቫዮሌት መብራት ልግዛለት? የ4 ዓመቷ ልጄም ስለምትነካካው ነው የምጠይቀው።

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናው ጥያቄዎ የመጨረሻው መስመር ላይ ነው ያለው። ያስጨነቀዎት መብራቱ አይደለም፤ ነብሮ ላይ ያዩት የሚጥል በሽታ ይሆን፣ ወደ ልጆቼስ ይጋባ ይሆን የሚለው ነው። አይጋባም። የጌኮ መንቀጥቀጥ በምራቅም፣ በትንፋሽም፣ በመዳሰስም ወደ ሰው አይተላለፍም። ሌላም ሳይጽፉት ያለፉት ነገር ያለ ይመስለኛል፦ ልጄ ሲያነሳው ጎድቶት ይሆን? አልጎዳውም። መነሳቱ አስደንግጦት፣ ውስጥ ለውስጥ የቆየውን ችግር ገሃድ አወጣው እንጂ ችግሩን አላመጣበትም። ይህን ዛሬውኑ ለልጁ ይንገሩት።

ከጻፉት ስነሳ ነብሮ ካልሲየም አልቆበታል። ሚልዎርም ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ካልሲየሙን ብዙ ጊዜ አሥር እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይበልጠዋል፤ ጌኮ የሚያስፈልገው ግን ተቃራኒው፣ ለአንድ እጅ ፎስፎረስ ሁለት እጅ ያህል ካልሲየም ነው። የጎደለውን አካሉ ከራሱ አጥንት እየቆረሰ ይሞላል። መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሮቹ ይጎብጣሉ፣ ሆዱን ከመሬት ማንሳት ያቅተዋል። አጥንቱም መስጠት ሲያቅተው የደሙ ካልሲየም ይወርዳል፤ ያኔ ነርቮቹ ሳይታዘዙ መተኮስ ይጀምራሉ። ሐሙስ ማታ ያያችሁት ይህን ነው።

የጣቶቹን ነገር በደንብ ልንገርዎት፤ ከዚህ መልስ አንድ ነገር ብቻ ቢያስቀሩ ይህ ይሁን። ነብሮን ሳያነሱ፣ ጎንበስ ብለው የኋላ እግሮቹን ጣቶች ለሁለት ደቂቃ ይመልከቱ። ጤነኛ ጌኮ ሲያርፍ ጣቱ ጭጭ ይላል። ካልሲየም የጎደለው ግን ሰውነቱ ዝም ብሎ ሳለ የጣቶቹ ጫፍ ብቻ፣ ክራር እንደሚገርፍ ሰው ጣት፣ ቶሎ ቶሎ ይነዝራል። አንዳንዴ አንድ ጣት ብቻ ነው፤ ለሰከንዶች መጥቶ ይጠፋል፤ ሰውም «አይ፣ ዓይኔ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቀጥሎ እግሩ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ በተለይ ሲነሳ ወይም ሲደነግጥ። ከዚያ መላ ሰውነቱ ይገተራል። ጣት መንዘር ከጀመረ ጉዳዩ የሳምንት ቀጠሮ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ፊት የሚቀርብ ነው። የልብም ጡንቻ በዚሁ ካልሲየም ነው የሚሠራው። ከሌላ ነገር ጋር ግን እንዳያምታቱት፦ ጌኮ የሚታደነውን ሲያይ የጭራውን ጫፍ ያርገበግባል። ያ የደስታው ነው፤ አያስደነግጥም። መስታወቱን መውጣት አለመቻሉም በሽታ አይደለም። ሌፐርድ ጌኮ አገር ቤት ግድግዳ ላይ እንደምናየው ጌኮ የሚጣበቅ መዳፍ የለውም።

መገተሩ ከታየ ስንት ቀን አለፈው? መንገዳገዱስ ሦስት ሳምንት! ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቢያመጡት ምናልባት ሽሮፕና የአመጋገብ ለውጥ ይበቃው ነበር። አሁን መርፌ ሊያስፈልገው ነው።

አሁን ስለ ክብሪቱ። እናትዎን አይቆጧቸው፤ ያደረጉት ያዩትንና የተማሩትን ነው። ግን ይህ ልማድ በጌኮም በሰውም ላይ መቆም ስላለበት ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። አገራችን ሰው ሲጥለው ክብሪት ተጭሮ ይታጠናል፤ ከደቂቃ ወይም ከሁለት በኋላ ይነቃል፤ «ክብሪቱ አነቃው» ይባላል። አብዛኛው የሚጥል በሽታ መንቀጥቀጥ ግን ክብሪት ቢጫርም ባይጫርም በሁለትና ሦስት ደቂቃ በራሱ የሚያበቃ ነው። ምስጋናው የማይገባው ክብሪት ጋ ይሄዳል፤ ልማዱም በዚያው ይቀጥላል። ከክብሪቱ ራስ መጀመሪያ የሚወጣው፣ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ሽታ የድኝ ጋዝ ነው፤ የመተንፈሻ አካልን ይቆጣል እንጂ አንጎል ውስጥ ገብቶ የሚያረጋጋው ነገር የለም። ለጌኮ ደግሞ ይብሳል። ጌኮ እንደ እኛ የደረትና የሆድ መለያ ጡንቻ፣ ድያፍራም የሚባለው፣ የለውም፤ ጭስ ከገባበት እንደ ሰው ስሎ አያስወጣውም። ነበልባሉን ከስስ ቆዳው ማቅረብም ሌላ ቁስል መጨመር ነው። ሽንኩርትም፣ ጫማም፣ አልኮል የነካ ጥጥም ያው ነው፤ ምንም አይሸተት።

እግረ መንገዴን፣ ቤታችሁ ውስጥ የሚጥለው ሰው ቢኖር፦ በጎኑ ያስተኙት፣ ከጭንቅላቱ ስር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አይክተቱ፣ ሰዓት ይያዙ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ 911 ይደውሉ። አረፋው ነካኝ ብሎ መሸሽ አያስፈልግም፤ የሚጥል በሽታ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። በዚህ ፍርሃት የተነሳ የምድጃ እሳት ላይ ወድቆ የሚያነሳው ያጣ ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለም። ወደ ነብሮ ልመለስ።

የካፕሱሉን ነገር በቀላሉ ላልፈው አልችልም። ትልቅ ሌፐርድ ጌኮ ከ45 እስከ 80 ግራም ይመዝናል። ነብሮ 60 ግራም ነው እንበል፤ የ70 ኪሎ ሰው በክብደት ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ጠብታዎ የካፕሱሉ አሥረኛ እንኳ ቢሆን 5,000 ዩኒት ነው፤ ለእርስዎ ቢሆን በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊዮን ዩኒት በላይ እንደ መዋጥ። ቫይታሚን ዲ ሲበዛ በሽንት አይወጣም፤ ይከማቻል፣ ካልሲየሙንም በኩላሊትና በደም ሥሮች ላይ ያጋግራል። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ሐኪሙ ሊከታተለው ይችላል፤ ዳግመኛ ግን አያስቡት። የሰው ካልሲየም ኪኒን ፈጭቶ መስጠትም እንዲሁ። ለሐኪሙ ደግሞ የካፕሱሉን ማሸጊያ ይዘው ሄደው ይንገሩት፤ አፍረው ቢደብቁት ሌላ ዲ ሊጨምርበት ይችላል።

ዛሬ ማታ የሚያደርጉት ይኸው ነው። ነብሮን ከአሸዋው ያውጡትና የጫማ ሳጥን የሚያህል፣ ክዳኑ የተበሳሳ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ፔፐር ታወል አንጥፈው ያስቀምጡት። ሲያነሱት እጅዎን ከስሩ አስገብተው መላ አካሉን ይደግፉ፤ በጭራው ወይም በወገቡ ጨምቀው አይያዙት፤ የለሰለሰ አጥንት በቀላሉ ይሰበራል። የሳጥኑን ግማሽ ብቻ ማሞቂያ ምንጣፍ ላይ አሳርፈው፣ ወለሉ ከ88 እስከ 90 ፋራናይት (31–32 ሴልሺየስ) እንዲሆን በቴርሞስታት ያስተካክሉ፤ ሌላው ግማሽ ቀዝቀዝ ይበል። የሚወጣበት ድንጋይና ቅርንጫፍ አያስፈልገውም። ጨለምና ጸጥ ይበል። እየተንቀጠቀጠ ሳለ ምግብም ውኃም አፉ ውስጥ አይደረግም። ሲረጋጋ አፍንጫው ጫፍ ላይ አንድ የውኃ ጠብታ ያድርጉ፤ ከላሰ ጥሩ፣ ካልላሰ ይተውት። መንጋጋውን በግድ አይክፈቱ። መንጋጋው ለስልሷል ወይ ብለው በጣት አይሞክሩ፤ ያ የሐኪሙ ሥራ ነው። በወጥ ቤት ሚዛን በግራም ይመዝኑት፣ መንቀጥቀጡን በስልክ ይቅረጹ፤ ክሊኒክ ሲደርስ ጸጥ ብሎ ቢያታልላችሁ ቪዲዮው ይመሰክራል።

ነገ ጠዋት የሚደውሉት የውሻና የድመት ሐኪም ጋ ሳይሆን ተሳቢ እንስሳት የሚያይ ሐኪም ጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተሳቢና አምፊቢያን እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ድረ ገጽ በየአካባቢው መፈለጊያ አለው። ሌሊት ቢገተር ግን እስከ ጠዋት አይጠብቁ፤ የድንገተኛ ክሊኒኮችን እየደወሉ ተሳቢ ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቁ። ሐኪሙ ራጅ ያነሳዋል፤ ከተቻለ ደሙን ይመረምራል፤ በክብደቱ ተሰልቶ ካልሲየም ግሉኮኔት በመርፌ ይሰጠዋል፤ ከተረጋጋ በኋላ ለሳምንታት የሚቀጥል የካልሲየም ሽሮፕ ያዝለታል። በራጁ ሌላም ነገር ይታያል። ካልሲየም የራበው ጌኮ ያንን «የካልሲየም አሸዋ» ይልሰዋል፤ አሸዋው አንጀቱን ይደፍናል፣ ያበጠው አንጀትም የኋላ እግሮቹን ሊያዳክም ይችላል። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጸዳዳ ያስታውሱ፤ ይጠየቃሉ። አሸዋውን የሸጠላችሁ ሰው ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ካልሲየም የሚሰጠው ከምግብ ጋር እንጂ ከመኝታ ጋር አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር፦ የነብሮ ቀለም «ኢኒግማ» ከሚባለው ዘር ከሆነና ከልጅነቱ ጀምሮ ጭንቅላቱን ዘንበል የሚያደርግ፣ ክብ የሚዞር፣ ወደ ላይ አንጋጦ የሚቀር ከነበረ ለሐኪሙ ይናገሩ። ያ በዘር የሚመጣ የሚዛን ችግር ነው፤ ካልሲየም አያድነውም፤ ጸጥ ባለ ቤት ግን ብዙዎቹ ደህና ኖረው ያረጃሉ። እርስዎ የጻፉት ግን በሦስት ሳምንት የመጣ ነው፤ አይመስለኝም።

ይድናል ወይ? መንቀጥቀጡ ሕክምና ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይቆማል። አጥንቱ እስኪጠነክር ወራት ይወስዳል። የጎበጠ እግር ጎብጦ ይቀር ይሆናል፤ ጎባጣ እግር ይዞ ግን በደንብ የሚበላና የሚያድን ጌኮ ብዙ ነው።

አሁን መብራቱ። ይግዙ፤ ጨረሩ ቆዳው ራሱ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ ይረዳዋል። ግን ለዛሬው መድኃኒት አይደለም፤ ሥራው የሳምንታት ነው። የሚገዙት ቲ5 የሚባለውን ቀጭን ረጅም ቱቦ፣ ማሸጊያው ላይ ዩቪቢ (አልትራቫዮሌት ቢ) ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚለውን ነው፤ ለበረሃ እንሽላሊት የሚሸጠውን ኃይለኛውን አይደለም፤ ሌፐርድ ጌኮ በጎህና በምሽት የሚወጣ እንስሳ ነው። ርቀቱን አምራቹ በጻፈው መሠረት ያድርጉ፣ መደበቂያም አይጥፋ። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም፤ መስታወት የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋል። ቱቦው ብርሃን እየሰጠም ጨረሩ ያልቃልና በ12 ወር ይቀየራል፤ የገጠሙበትን ቀን ጫፉ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ።

ምግቡን በተመለከተ፣ ሚልዎርሙን ዋና ምግብ ማድረግ ይቅር። ክሪኬትና ዱቢያ በረሮ ይግዙ፤ በጌኮው ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት የማይበልጡትን። ከመመገባቸው 24 ሰዓት በፊት ነፍሳቱን ራሳቸውን ይመግቡ፤ ለዚህ ከቤታችሁ ጎመን የተሻለ የለም፣ ካልሲየም አለው። ቆስጣ አይሁን፤ ያለውን ካልሲየም ኦክሳሌት በሚባል ንጥረ ነገር ይዞ አይለቀውም። ከዚያ ፌስታል ውስጥ አምስት ስድስት ክሪኬት ጨምረው በሻይ ማንኪያ ሩብ የማይሞላ ቫይታሚን ዲ የሌለው የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ነስንሰው ይነቅንቁ። ሽሮ ላይ እንደተንከባለለ ነጣ ብለው ሲወጡ ወዲያው ይስጡት፤ ሩብ ሰዓት ከቆዩ ዱቄቱን ከላያቸው ጠርገው ይጨርሳሉ። ቫይታሚን ዲ3 ያለበትን ዱቄት በየስንት ቀኑ እንደሚሰጡ ከሰጡት ካፕሱል የተነሳ ሐኪሙ ይወስን፤ እስኪነግራችሁ አይጀምሩት። የመስታወት ቤቱ ሞቃት ጥግ ወለሉ 90 ፋራናይት፣ ቀዝቃዛው 75 ገደማ ይሁን። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ክብ ቴርሞሜትር አየሩን እንጂ ሆዱ የሚያርፍበትን አይነግራችሁም፤ ወለሉን ሳይነካ በሚለካ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይለኩ። ሆዱ ካልሞቀ የበላውም አይፈጭለትም።

ለልጆችዎ የሚያሰጋው ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ጤነኛ የሚመስል ጌኮም በዓይነ ምድሩ ይዞት ይዞራል፤ ትንሽ ሕፃን ላይ ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል፣ አንዳንዴም ወደ ደም ይገባል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ልጅ ባለበት ቤት ተሳቢ እንስሳ ባይኖር የሚመክረው ለዚህ ነው። ነብሮን አውጡት አልልም፤ የ4 ዓመቷ ግን 5 ዓመት እስኪሞላት በመስታወቱ ብቻ ትየው፣ አትሳመው። ትልቁም ነክቶት ሲመለስ 20 ሰከንድ በሳሙና ይታጠብ። የውኃ ሳህኑንና የሚደበቅበትን ዕቃ ወጥ ቤት ማጠቢያ ላይ አይጠቡ፤ መታጠቢያ ቤት በተለየ ባልዲ ይጠቡ፣ ውኃውን ሽንት ቤት ይድፉ፣ ስፖንጁም ለዚያ ብቻ ይሁን።