በረሃ ከተማ ልኑር ወይስ ይቅርብኝ? የአንባቢዎች ጥያቄዎችና መልሶች

በረሃ ላይ ስለተቆረቆሩ ሞቃት ከተሞች የሚደርሱኝ ጥያቄዎች በዝተዋል። አንዳንዱ ሥራ አግኝቶ ሻንጣ እያዘጋጀ ነው። ሌላዋ ከሄደች በኋላ የመጀመሪያው የሙቀት ወቅት አስጨንቋታል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ መልሱን ግን ሳልሸፋፍን ጽፌዋለሁ። ዓመቱና ወሩ በፈረንጅ፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሙቀቱ 45 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ የቢሮ ሥራ አግኝቻለሁ። ደመወዙ ደህና ነው። ግን እዚያ ሰው እንዴት ይኖራል? ልሂድ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሚሊዮኖች እየኖሩበት ነው። ሥራህ ቢሮ ውስጥ ከሆነ አንተም ትኖርበታለህ። እኔ ብሆን እሄዳለሁ። ግን ውሳኔህን በቀትሩ ቁጥር ላይ ብቻ አትመሥርት።

መጀመሪያ ስለ ሌሊቱ ጠይቅ። ገላጣው በረሃ ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከተማው ግን እንደዚያ አይደለም። አስፋልቱ፣ ግድግዳውና ጣሪያው ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲመልሱት ያድራሉ። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ያለችው ፊኒክስ በ2023 ለ31 ተከታታይ ቀናት ሙቀቷ ከ43 ዲግሪ በላይ ደርሷል። ሰውን የጎዳው ግን የቀኑ ብቻ አልነበረም። በብዙዎቹ ሌሊቶች ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በታች አልወረደም። ቀን ሲቃጠል የዋለ ሰውነት ማታ ካላረፈ በማግስቱ አቅም አይኖረውም።

ቀጥሎ ከተማው ከባሕር ምን ያህል እንደሚርቅ እይ። ሪያድ መሀል በረሃ ላይ ናት፤ አየሯ ደረቅ ስለሆነ ላብ ወዲያው ይተንና ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ዱባይ፣ ዶሃና ጅዳ ደግሞ ባሕር ጠረፍ ላይ ናቸው። በረሃም ሆነው አየራቸው በእርጥበት ይከብዳል፣ ላብ ሳይተን ይወርዳል። ጅዳ ውስጥ 38 ዲግሪ፣ ሪያድ ውስጥ ካለው 44 ዲግሪ በላይ ሊያስጨንቅህ ይችላል።

ጥሩ ጎኑንም ልንገርህ። ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው ጊዜ በጣም ደስ ይላል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ጠዋቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ማታው ውጭ ያስቀምጣል። ብዙ ጊዜ ዝናብ ዕቅድህን አያበላሽብህም። ከባሕር በራቁት ከተሞች ልብስ ሳይውል ይደርቃል፣ ብረትም ቶሎ አይዝግም። አሪዞና ውስጥ ቱሳን አጠገብ ከአገልግሎት የወጡ አውሮፕላኖች ሜዳ ላይ ተደርድረው ለዓመታት የሚቀመጡት አየሩ ደረቅ ስለሆነ ነው። ከከተማው ትንሽ ወጣ ካልክ ደግሞ እንደዚያ ያለ የከዋክብት ሰማይ ሌላ ቦታ አይተህ አታውቅም። የመሄጃህን ጊዜ መምረጥ ከቻልክ ኖቬምበር ላይ ግባ። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል። ያንን ትምህርት ጁላይ ላይ ባትጀምረው ይሻላል።

ጥያቄ፦ «ደረቅ ሙቀት ምንም አያደርግም» ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ቀለል ይላል፣ አዎ። ምንም አያደርግም የሚለው ግን ሰው ይገድላል። ላቡ ቶሎ ስለሚተን ምን ያህል ውሃ እንደወጣህ አይታወቅህም። ልብስህ ደረቅ ነው፣ ውስጥህ ግን እየጎደለ ነው። ጥም እስኪመጣ መጠበቅም ዘግይቶ መድረስ ነው። ሽንትህ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ደህና ነህ፤ ከጠቆረ ጠጣ። በሞቃት አካባቢ የኩላሊት ጠጠር የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ፊኒክስ የምትገኝበት የማሪኮፓ አውራጃ በ2023 ብቻ ከሙቀት ጋር የተያያዘ የ645 ሰዎችን ሞት መዝግቧል። ሙቀቱ ደረቅ ነው። ከሞቱት ብዙዎቹ መጠለያ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። ቤታቸው ውስጥ ከሞቱት ደግሞ ብዙዎቹ ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) ነበራቸው፤ ግን አይሠራም ነበር።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ባሕረ ሰላጤው አካባቢ የግንባታ ሠራተኛ ነው። ማታ ሲደውል ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ ይለኛል። «ሁሉም እንደዚሁ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ልጨነቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትሽ ልክ ነው። ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። በበረሃ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ አንድ ከተማ ውስጥ አይኖሩም። አንዱ ከቀዝቃዛ ቤት ወደ ቀዝቃዛ መኪና፣ ከዚያ ወደ ቀዝቃዛ ቢሮ ይገባል። ያንን ቢሮ የሚገነባው ግን ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው። የከተማው ምቾት በማን ጫንቃ ላይ እንዳለ ሳይነገር ስለ ጥቅምና ጉዳት ማውራት ትክክል አይመስለኝም።

ሕጉን ይወቅ። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል። ኳታር ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከጠዋቱ 4፡00 እስከ ቀኑ 9፡30 ትከለክላለች። ኩዌት ከጁን እስከ ኦገስት መጨረሻ፣ ከረፋዱ 5፡00 እስከ 10፡00 ሰዓት ሥራ ታስቆማለች። የብዙዎቹ ሕግ ጉድለት ሰዓት እንጂ ሙቀትና እርጥበት አለማየቱ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይም ሰው ይወድቃል። ኳታር በዚህ ትሻላለች፤ ሙቀትን፣ እርጥበትን፣ ፀሐይንና ነፋስን አንድ ላይ የሚለካው መለኪያ ከ32.1 ዲግሪ ካለፈ ሰዓቱ ምንም ይሁን ሥራ መቆም አለበት።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መኮማተርና ማዞር ሰውነቱ «በቃኝ» እያለ ነው። ያኔ ጥላ ውስጥ ገብቶ፣ ጫማና ልብሱን አላልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ ማረፍ አለበት። ሥራ ላይ እያለ በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ፤ አንድ ሊትር በአንድ ጊዜ መገልበጥ አይተካውም። ላቡ ብዙ ከሆነ ጨው ያለው ምግብ ወይም ኦአርኤስ (ውሃ ውስጥ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ያስፈልገዋል።

የሥራ ጓደኛው መዘባረቅ ከጀመረ፣ የት እንዳለ ግራ ከገባው ወይም ከወደቀ ግን ሙቀት መቶታል። ያ ድንገተኛ አደጋ ነው። «ገና ያልበዋል፣ ደህና ነው» አይባልም፤ ሲሠራ የተመታ ሰው እያላበው ሊሞት ይችላል። አምቡላንስ ጠርተው፣ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ውሃ ያፍስሱበት፣ ያራግቡለት፣ በረዶ ካለ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ያድርጉለት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይስጡት።

ከእረፍት የተመለሰ ወይም አዲስ የገባ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሥራ መሥራት የለበትም። አዲሱ ከሙሉ ሥራው አንድ አምስተኛውን፣ ሥራውን ለምዶ ከእረፍት የተመለሰው ደግሞ ግማሹን ሠርቶ ጀምሮ በየቀኑ መጨመር ነው የሚመከረው። ባለቤትሽ ደግሞ ኩላሊቱን ይመርመር። ዓመት ከዓመት በሙቀትና በውሃ እጥረት የሚሠራ ሰው ኩላሊት ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ሕመሙ የሚሰማው ዘግይቶ ነው።

ጥያቄ፦ የምከራየውን ቤት ስመርጥ ምን ልይ?

መልስ፦ የመጨረሻው ፎቅ ርካሽ ቢሆንም ተጠንቀቅ፤ ጣሪያው ቀኑን ሙሉ ይጋገራል። ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰፊ መስኮትም የከሰዓቱን ፀሐይ ቤት ውስጥ ያስገባል። መጋረጃ ከውስጥ ከመስቀል ከውጭ ጥላ ማድረግ በጣም ይበልጣል፣ ሙቀቱ መስታወቱን ሳያልፍ ስለሚቆም። ኤሲውን ራስህ አስነስተህ እይ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግን ውሉ ላይ ይጻፍ። የሞቃቱን ወራት የመብራት ሂሳብ የቀድሞውን ተከራይ ጠይቅ። ኪራዩ ቀንሶ ሂሳቡ ሊበልጥብህ ይችላል።

በፋን ብቻ እወጣዋለሁ አትበል። ከ40 ዲግሪ በላይ ፋን ሙቅ አየር ያመጣብሃል፤ ሰውነትን ይብስ ያሞቃል። የኢራኗ ያዝድ ቤቶች ከጣሪያ በላይ በወጣ የነፋስ ማማ፣ በወፍራም የጭቃ ግድግዳና በጠባብ ጥላማ መንገድ ለዘመናት ያለ ኤሌክትሪክ ኖረዋል። ዩኔስኮ ከተማዋን በ2017 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። መስታወት ብቻ የሆኑ ሕንፃዎችን በረሃ ላይ የሚደረድሩ አርክቴክቶች ያንን ቢያዩት እወዳለሁ።

ጥያቄ፦ አስም አለብኝ። ደረቅ አየር ይስማማኛል?

መልስ፦ እርግጠኛ ሆነሽ አትሂጂ። ሻጋታና እርጥበት ለሚያስነሣበት ሰው ሊቀለው ይችላል። አቧራ የሚያስነሣበት ግን ይብስበታል፤ የአሸዋ ማዕበል ሲመጣ በርና መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ግድ ነው። ደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከአቧራው ጋር የሚነሣ ፈንገስ የሳንባ ሕመም ያመጣል። ሐኪምሽን አማክሪ፣ ከቻልሽም መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ ሄደሽ ሞክሪው።

ጥያቄ፦ ውሃው አንድ ቀን አያልቅም?

መልስ፦ እንደ ከተማው አያያዝ ነው። ላስ ቬጋስ 90 በመቶ የሚሆነውን ውሃዋን የምታገኘው እየቀነሰ ካለው ከኮሎራዶ ወንዝ ነው። ግን ቤት ውስጥ የዋለውን ውሃ ሁሉ ማለት ይቻላል አጣርታ ወንዙ ተገድቦ ወደተፈጠረው ሚድ ሐይቅ ትመልሳለች። ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣር እንዲነቀልም በ2021 ሕግ ወጥቷል። የባሕረ ሰላጤው ከተሞች ደግሞ አብዛኛውን የመጠጥ ውሃ የሚያገኙት የባሕርን ጨው አውጥተው ነው። ይሄ ብዙ ኃይል ይፈጃል፤ ፋብሪካው ከቆመ ከተማው ይጠማል። ስለዚህ ቤትህ ውስጥ የጥቂት ቀን የመጠጥ ውሃ ይኑርህ።

ጎርፍንም አትርሳ። ኤፕሪል 16 ቀን 2024 ዱባይ ላይ በአንድ ቀን የወረደው ዝናብ ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው በልጦ አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቆታል። የደረቀ ወንዝ መንገድ ላይ መኪና አታቁም።

ጥያቄ፦ ልጄ መኪና ውስጥ ተኝቶ ለአምስት ደቂቃ ሱቅ ብገባስ?

መልስ፦ አይሆንም። የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፣ የልጅ ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይሞቃል። መስኮት መክፈት አያድንም። ቀስቅሰሽው ያልቅስ እንጂ ይዘሽው ግቢ።

ጥያቄ፦ እናቴን ወደምኖርበት በረሃ ከተማ ላመጣት ነው። 70 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች።

መልስ፦ ከመምጣቷ በፊት መድኃኒቷን ይዘህ ሐኪም ጋ ሂድ። ሽንት የሚያበዙ የግፊት መድኃኒቶች በሙቀት ጊዜ ውሃና ጨው ያሟጥጣሉ፤ መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። በዕድሜ የገፋ ሰው ጥሙ ቶሎ አይሰማውም፣ ስለዚህ «ውሃ ትፈልጊያለሽ?» ብለህ ከመጠየቅ ቀድተህ ስጣት። መድኃኒቷ መኪና ውስጥ አይዋል። ሥራ ስትውል ቀን ላይ ደውልላት፤ ስለ ጤንነቷ ስትጠይቃት ኤሲው እየሠራ መሆኑንም ጠይቃት። ብዙ እናቶች ሂሳብ እንዳይበዛባችሁ ብለው ያጠፉታል።