ስፒከሩን ተወውና ወንበሩን ገልብጠው

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምትኖረው ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይህ ነው፦ ማታ ሙዚቃ የምትሰማበት ባለ ክንፍ ሶፋ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገትህን ይይዝሃል፣ እግርህን ያደነዝዝሃል። ድምፁም ይታፈንብሃል፤ ብድግ ስትል ግን ይጠራል። ስፖንጁን ሁለቴ አስቀይረሃል፤ አሁን ደግሞ ስፒከር ልትለውጥ ነው።

አትለውጥ። ስፖንጅ ሁለቴ ተቀይሮለት መልሶ የሚሰምጥ ወንበር፣ አብዛኛውን ጊዜ የለቀቀው ከሥር ተወጥሮ ስፖንጁን የሚሸከመው ላስቲክ ነው። ገልብጠውና የታችኛውን ጥቁር ጨርቅ ቅደድ። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያለውን ስከፍት፣ በላስቲክ ፋንታ የማዳበሪያ ከረጢት ተተልትሎ በአንድ በአንድ ስቴፕል ተይዞ፣ መሃሉ ላይ ካርቶን ተጠቅጥቆ አገኘሁ። ባለቤቱ ግን የሙሉ ሥራ ዋጋ ከፍሏል። ያንጨረጭራል።

መሣሪያ ሳታነሳ የዕጣን ማጨሻውን ከቤት አውጣ። የተገለጠ ስፖንጅ ፍም ከነካው ሊንቦገቦግ ይችላል፣ ጭሱ መርዝ ነው፤ ስፖንጁን የምታጣብቅበት ኮላ ትነትም እሳት ይስባል። በረንዳ ላይ ሥራ።

አሮጌውን ስቴፕል በፒንሳ ንቀል። 50 ሳንቲ ስፋት ላለው ፍሬም የላስቲኩን አንድ ጫፍ በስቴፕል ምታና 45 ሳንቲው ላይ ምልክት አድርግበት፤ ምልክቱ ማዶ ጠርዙ ላይ እስኪደርስ ወጥረህ በስቴፕል ምታው። ጫፉን አጥፈህ ድገመው። ቁምና አግድሙን እንደ ጠፍር አልጋ አሳልፈው። ፍሬሙ ቺፑድ ከሆነ ስቴፕል አይዝም፤ ዙሪያውን ጣውላ በቪስ እሰርለት።

ስፖንጁንም ሳትመዝን አትግዛ። 50 በ50፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ የሆነው 750 ግራም ካልሞላ ለመቀመጫ አይሆንም። በገበያ 450 ግራም ገደማ የሆነም ይሸጣል፤ በጣት ስትጫነው ያታልላል፣ በጥቂት ወር ውስጥ ይተኛል።

አሁን ወደ ድምፁ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገበው ቤዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር ስለሆነ፣ ሶፋ አያግደውም፤ ዞሮ ይደርስሃል። 10,000 ጊዜ የሚርገበገበው ግን 3.4 ሳንቲ ብቻ ነው። የጸናጽሉ ጥራት፣ ዘፋኙ «ሰ» ሲል የምትሰማው ጥርት ያለ ፉጨት ከዚያ አካባቢ ነው፤ ክንፉ ከጋረደው ተመልሶ ይቀራል። አንተ መቀመጫው ሲሰምጥ ጭንቅላትህ በሁለቱ ክንፎች መሃል ይገባል፤ ቤዙ ይደርስሃል፣ ጥራቱ ይቀራል። ስትነሳ የሚጠራውም ለዚህ ነው። ሳትከፍት እንኳ ልታረጋግጠው ትችላለህ፦ ሁለት ትራስ ደርበህ ከፍ በልና ያንኑ ዘፈን ስማ።

ላስቲኩ ከተወጠረ በኋላ የመቀመጫው ፊት ከወለሉ 43 ሳንቲ አካባቢ ይሁን። እግርህ ወለሉን ሙሉ ይርገጥ፣ ጣቶችህ በጭንህና በጠርዙ መሃል ይለፉ፤ ካልሆነ መደንዘዙ ይመለሳል። ያኔም ክንፉ ስፒከሩን ከጋረደህ፣ ሳትሳሳ በመጋዝ እስከ ትከሻህ አሳጥረው። ስፒከሩ ቡፌ ላይ ከሆነ ከኋላው በታች ቁራጭ እንጨት ሸጉጥና ወደ ጆሮህ አዘንብለው። የድሬን ሙቀት ታውቀዋለህ፣ ሲንቴቲክ ሌዘር ጀርባህ ላይ ይጣበቃል፤ የጥጥ ጨርቅ አልብሰው።

ኮላው እስኪደርቅ በረንዳ ላይ ይደር። በዚያች ሌሊት ማጨሻ እንዳታቀጣጥል፤ ከዚያም በኋላ ፍሙ ከሶፋው ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ።