የፈረንሳይን የወይን አገር በትንሽ ቡድን ስለመዞር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ልዮን ከተማ መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ከዋሽንግተን፣ ከፍራንክፈርት፣ ከዱባይና ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሐበሾችን በሚኒባስ ይዤ ቡርጎኝና ሮን የሚባሉትን የወይን አገሮች ማዞር ከለመድኩም ቆየሁ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ብዬ ነበር፣ ብዙ ደረሰኝ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቡድኑ ለምን 8 ሰው ብቻ? ብዙ ሆነን ብንሄድ አይረክስም?

ይረክሳል። ግን ሌላ ጉዞ ይሆናል። ፈረንሳይ ውስጥ በተራው መንጃ ፈቃድ የሚነዳው ትልቁ መኪና ሹፌሩን ጨምሮ 9 መቀመጫ ያለው ነው፤ 8 የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ ካለፈ አውቶቡስ ነው፤ አውቶቡስ ደግሞ በመንደሮቹ ጠባብ መንገድ አይገባም።

ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። ቡርጎኝ ውስጥ ብዙው የወይን ቤት የቤተሰብ ነው። ባልየው ማሳ ይውላል፣ ሚስትየው ሒሳብና ደብዳቤ ትሠራለች፣ ወይም ተገላቢጦሽ። 8 ሰው ሲመጣ ባለቤቱ ራሱ እጁን ታጥቦ ወደ ምድር ቤት ያወርዳችኋል፣ ከበርሜሉ በብርጭቆ ቱቦ እየሳበ ያቀምሳችኋል፣ አባቱ የተከለውን ከአያቱ ይለይላችኋል። 40 ሰው ከሆነ በሩን አይከፍትም። የሚከፍቱት ለዚያ ተብለው የተሠሩ ትልልቅ አዳራሾች ናቸው።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በትልቅ አውቶቡስ ነበር፣ በቀን 5 ቤት። ከሦስተኛው በኋላ የቀመስኩትን አላስታውስም። ምሳው ሳንድዊች ነበር። ቡርጎኝ ድረስ ሄጄ ሳንድዊች መብላቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ አንድ ሳምንት ነው ያለን። ሻምፓኝን፣ ቦርዶንና ቡርጎኝን አንድ ላይ እናዳርሳለን?

አታዳርሱም፣ እባካችሁ አትሞክሩት። ሻምፓኝ በሰሜን ምሥራቅ፣ ቦርዶ በደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው። ሳምንቱ በመኪናና በሻንጣ ያልቃል። አንድ አካባቢ ምረጡ። ሻምፓኝን ካላየን ካላችሁ የሻምፓኝ ከተማ ራንስ ከፓሪስ በፈጣን ባቡር 45 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ፣ ስትመጡ ወይም ስትመለሱ አንድ ቀን መስጠት ይበቃል። ቦርዶም ከፓሪስ በባቡር 2 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለብቻው ሌላ ዓመት ይደርሳል።

እኔ የምሄደው መንገድ ቦን ከምትባለው ትንሽ ከተማ ይነሳል፣ በልዮን ያልፋል፣ የሮንን ወንዝ ተከትሎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሦስት ቦታ ብቻ ይታደራል።

ጥያቄ፦ ቡርጎኝን እንደዚህ የምትወደው ለምንድነው? ቦርዶ አይደል የሚታወቀው?

ቦርዶ ትልቅ ነው፣ ክብሩን አልነካም። ግን ቡርጎኝን ለሐበሻ ማስረዳት ቀላል ነው። ይርጋጨፌን፣ ሲዳማንና ሐረርን በቅምሻ የሚለይ ሕዝብ እኮ ነን። ያው ቡና ሆኖ አፈሩና ከፍታው ሲለወጥ ጣዕሙ ይለወጣል። ቡርጎኝ ይህንኑ ነገር በእርምጃ ልዩነት ያሳያችኋል። ቀዩ በአብዛኛው ፒኖ ኗር ከሚባለው የወይን ዘር፣ ነጩ ከሻርዶኔ ነው። ዘሩ አንድ፣ ማሳው ብቻ ይለያያል፤ እያንዳንዱ ማሳ ስም፣ ድንበርና ማዕረግ አለው። እነዚህ ማሳዎች ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ለምሳሌ ክሎ ደ ቩዦን እንውሰድ። ከ1098 ጀምሮ በሲቶ ገዳም የነበሩት መነኮሳት ያለሙትና በድንጋይ ያጠሩት፣ ወደ 50 ሄክታር የሚሆን አንድ የወይን ማሳ ነው። የፈረንሳይ አብዮት ሲመጣ ከገዳሙ ተወረሰ። ዛሬ አጥሩ እንዳለ ነው፣ ባለቤቶቹ ግን ወደ 80 ይጠጋሉ። የፈረንሳይ ሕግ ልጆች እኩል እንዲወርሱ ስለሚያደርግ መሬቱ በየትውልዱ ይቆራረጣል፤ የአባቱን መሬት ከወንድሞቹ ጋር የተካፈለ ሰው ይህን ወዲያው ይገባዋል። ላይኛው ክፍል ውኃ አይቋጥርም፣ ከመንገዱ አጠገብ ያለው ታችኛው ግን ርጥብ ነው፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ያለው ስም አንድ ሆኖ በውስጡ ያለው ይለያያል። ለዚህ ነው ቡርጎኝ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ሠራው?» የሚባለው።

ትንሽ ሄድ ሲሉ ሮማኔ ኮንቲ አለ። 1.8 ሄክታር ብቻ! ጠርሙሱ በብዙ ሺህ ዩሮ ነው የሚሸጠው። አይጎበኝም፣ አይቀመስም። መንገዱ ዳር የድንጋይ መስቀል አለው፤ እዚያ ቆመን እናየዋለን። እባካችሁ ማሳው ውስጥ አትግቡ።

ቦን ከተማ መሐል ደግሞ ኦቴል ዲዩ የሚባለው የጥንት ሆስፒታል አለ። የቡርጎኝ መስፍን ባለሟል የነበረው ኒኮላ ሮላን በ1443 ለድሆች ያቆመው ነው። ጣሪያው በቀለም ያሸበረቀ ሸክላ ነው። ምእመናን ለነፍሳቸው ብለው ለሆስፒታሉ የወይን ማሳ ይሰጡት ነበር፣ ልክ እኛ አገር ለቤተ ክርስቲያን ርስት ይሰጥ እንደነበረው፤ ዛሬ ወደ 60 ሄክታር አለው። ከዚያ የሚገኘው ወይን ከ1859 ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር ላይ በጨረታ ይሸጣል፣ ገንዘቡም ዛሬም ለሆስፒታል ነው። ሕሙማን እስከ 1971 ድረስ እዚያው ይተኙ ነበር። የአልጋዎቹን ረድፍና በአዳራሹ ጫፍ ያለውን ጸሎት ቤት ሳይ ሁሌም ዝም እላለሁ።

ጥያቄ፦ ስለ ወይን ምንም አላውቅም። አላፍርም?

በፍጹም። ቡና ተፈልቶ አቦሉን ከቶናው የምትለይ ከሆነ ምላስህ ሥራውን ያውቃል። አሽትት፣ ትንሽ ጎንጭ፣ አፍህ ውስጥ አዙረው። ቀይ ወይን ድድህን ካደረቀው ያ ታኒን የሚባለው ነው፤ የጌሾውን ምሬት ባይሆንም ያንን ቦታ ነው የሚይዘው። ከዚያ ትፋው! መትፊያ ዕቃ ይቀርብልሃል፤ ባለሙያዎቹ ሁሉ ይተፋሉ፣ ማንም አይቀየምም። ከበዓል ድግስ የመጣ ሰው መትፋት ይከብደዋል፣ አውቃለሁ። ግን በቀን ሦስት ቤት ሄደህ ሁሉንም ከዋጥክ እራቱን ታጣዋለህ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቡርጎኝ ብዙ ጊዜ ቀዩን አስቀድመው ነጩን በኋላ ያቀምሳሉ። ተሳስተው አይደለም። ሽቶ ደግሞ አትቀቡ።

ጥያቄ፦ ጾም ላይ እንዳይውልብኝ መቼ ልምጣ?

ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት፣ ምክንያቱም ፈረንጆቹ አስጎብኚዎች አይመልሱላችሁም። ከሁሉ የሚመቸው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ጊዜ ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ ያ ጊዜ ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ አየሩ የሚያምርበትና ወይኑ ቅጠል የሚያወጣበት ነው። ሜይ ውስጥ ግን የሕዝብ በዓል ስለሚበዛ ቀኖቹን አይታችሁ ያዙ።

ኦገስት ላይ ፍልሰታ አለ፣ እነሱም ብዙዎቹ ዕረፍት ይወጣሉ። ሴፕቴምበር የለቀማ ወቅት ነው። ሲያዩት ያምራል፣ ግን ገበሬው ጊዜ የለውም፤ ትንንሾቹ ቤቶች ይዘጋሉ። ኦክቶበር ቅጠሉ ወርቅ ይሆናል። የጽጌ ጾም የፈቃድ ስለሆነ ለራሳችሁ ትወስናላችሁ፣ ረቡዕና ዓርብ ግን አለ። ለሚጾም ሰው አስቀድሜ ከተነገረኝ ምግብ ቤቱን አስጠነቅቃለሁ። ዕለቱን መናገር ግን ዋጋ የለውም፤ የፈረንሳይ ወጥ ቤት ቅቤና ክሬም የሌለበት ምሳ በ10 ደቂቃ አይሠራም።

ጥያቄ፦ አሳማ አንበላም። ምን እንብላ?

የሚበላ ሞልቷል፣ ግን ተጠንቀቁ፣ አሳማው ይደበቃል። ቡፍ ቡርጊኞን የሚባለው በቀይ ወይን የተቀቀለ የበሬ ሥጋ ነው፤ ለእኛ ወጥ የሚቀርብ ምግብ ነው፣ ግን ላርዶን የሚባል የተቆራረጠ አሳማ ይገባበታል። በወይን የሚሠራው እንቁላልም፣ የልዮን ሰላጣም እንዲሁ። «ሳን ፖር» በሉ፣ አሳማ የሌለበት ማለት ነው። ቀንድ አውጣ፣ እንቁራሪትና ጥንቸልም ዝርዝሩ ላይ አሉ፤ የማትፈልጉትን ከመምጣታችሁ በፊት ጻፉልኝ።

ብሬስ ከሚባለው አካባቢ የሚመጣውን ዶሮ ግን እንዳታልፉት። ነጭ ላባ፣ ቀይ ኩክኒ፣ ሰማያዊ እግር ያለው ዶሮ ነው፣ ከ1957 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ። ለእያንዳንዱ ቢያንስ 10 ካሬ ሜትር ሣር ይሰጠዋል፣ ከ108 ቀን በፊትም አይታረድም። የሐበሻ ዶሮ ከፈረንጅ ዶሮ የሚለየው በምን እንደሆነ ለምታውቁ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ጥሬ ሥጋ ለሚወዱ ደግሞ ታርታር አለ፤ በሚጥሚጣ ፋንታ ሰናፍጭ የገባበት ክትፎ ብላችሁ አስቡት።

ምሳ ከ12 እስከ 2 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ነው። 2 ሰዓት ላይ ደርሶ ምሳ መጠየቅ የለም።

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ መምጣት ፈልጌ ነበር፣ ግን መጠጥ አትቀምስም። ትሰለቻለች?

እህቴ፣ ይዘሻቸው ነይ። ቦን ውስጥ ፋሎ የሚባለው የሰናፍጭ ቤት ከ1840 ጀምሮ ይሠራል፤ አዚፋ የሠሩ እናት ሰናፍጩ በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጭ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ሮን ዳር ባለችው ታን ሌርሚታዥ ከተማ የቫልሮና ቸኮላት ቤት አለ። አቪኞን ደግሞ የሮማ ካቶሊክ ሊቃነ ጳጳሳት ከ1309 ጀምሮ ተቀምጠውባት የነበረች ከተማ ናት። የማስጠነቅቅሽ ስለ ደረጃው ነው። ምድር ቤቶቹ መደገፊያ የሌለው ቁልቁለት አላቸው፣ ክረምት ከበጋ 12 ዲግሪ አካባቢ ነው። ነጠላ አይበቃም፣ ጋቢ ያዙላቸው።

ጥያቄ፦ ቪዛና ክፍያስ?

ቪዛው የሸንገን ነው፣ ለአዋቂ 90 ዩሮ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል፣ ቀድማችሁ አስገቡ።

ክፍያን በተመለከተ ከማንም ጋር ብትሄዱ እነዚህን ጠይቁ፦ የትኞቹ ምግቦች ተካተዋል? ቅምሻው ለብቻው ይከፈላል? ለብቻዬ ክፍል ብይዝ ስንት ይጨመራል? በቀን ስንት ቤት ነው? መልሱ «አምስት» ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ራሳችሁ ልትነዱ ካሰባችሁም የአልኮል ገደቡ በሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፣ ለአዲስ መንጃ ፈቃድ 0.2። ቁጥጥሩም የምር ነው።

ጥያቄ፦ የኛ አገር ወይን ከፈረንሳይ ጋር ይገናኛል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ዝዋይ ያለው የካስቴል እርሻ የቦርዶው ካስቴል ቤተሰብ ድርጅት ያቋቋመው ነው፤ ችግኙም ከዚያው ነው የመጣው፣ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ። የመጀመሪያው ጠርሙስ ገበያ ላይ የወጣው በ2014 ነው። አንድ ጠርሙስ ይዛችሁልኝ ብትመጡ የሮንን ሲራ አጠገቡ አስቀምጠን እንቀምሳለን። ሁለት ጊዜ አድርገነዋል፣ የወይን ቤቱ ባለቤትም ደጋግሞ ጠይቆኛል።

ጥያቄ፦ ሳምንት የለኝም። ፓሪስ ለሥራ መጥቼ አንድ ቅዳሜ ብቻ ቢተርፈኝስ?

በጠዋት ፓሪስ ውስጥ ካለው ጋር ደ ልዮን ከሚባለው ባቡር ጣቢያ ተነሳ። ዲዦን በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ከዚያ በአካባቢው ባቡር ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቦን ትደርሳለህ። ቅዳሜ ገበያው ነው። ቺዝና ዳቦ ግዛ፣ ኤፑዋስ የሚባለውን ቺዝ ጠይቅ፣ ሽታው ይከብዳል ግን ቅመሰው። ኦቴል ዲዩን አይተህ ስትጨርስ በእግርህ ወደ ደቡብ ወደ ፖማር መንደር ሂድ፣ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግራና ቀኙ ወይን ብቻ። ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር ታገኛለህ፤ እዚያ ላይ ተቀምጠህ ዳቦህን ቁረስ፣ የማታው ባቡር እስኪደርስ ጊዜ አለህ።