የእጅ ሥራ ጥያቄና መልስ፦ ሁለት መርፌ፣ አንድ ክር

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ ቆዳ ሥራ የተጻፉ ናቸው። ጠያቂዎቹ በየቤታቸው፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ስለሆኑ መልሶቹም ያለ ትልልቅ መኪና በእጅ ሊሠራ የሚቻለውን ብቻ ይመለከታሉ።

ጥያቄ፦ የኪስ ቦርሳና ቀበቶ መሥራት ለመጀመር አስቤአለሁ። ከ30 በላይ ዕቃዎችን የያዘ የመሣሪያ ስብስብ በርካሽ ሲሸጥ አይቼ ልገዛው ስል አንድ ወዳጄ «ቆይ» አለኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወዳጅዎ ልክ ነው። እኔም ስጀምር እንዲህ ያለ ስብስብ ገዝቼ ነበር፤ ከውስጡ እስከ ዛሬ በእጄ ያለው አንድ ኮምፓስ ብቻ ነው። የእነዚህ ስብስቦች ጉዳት ገንዘቡ ላይ ብቻ አይደለም። ብረታቸው ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ስለሆነ ስለት አይዝም፤ ጀማሪውም ቆዳው ሲቀደድበትና ሲሸበሸብበት ጥፋቱ የእጁ ይመስለውና ሥራውን ይተወዋል።

ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያስፈልግዎ አንድ ጥሩ ቢላ፣ አንድ ወስፌ፣ ጫፋቸው የደነዘ ሁለት መርፌዎች፣ ሁለቱም እግሮቹ ሹል የሆኑ ኮምፓስ፣ ጥርሶቹ በ4 ሚሊ ሜትር የተራራቁ መብሻ፣ የብረት ማስመሪያና መዶሻ ነው። መዶሻው የእንጨት ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ ይሁን፤ የብረት መዶሻ የመብሻውን ራስ እየደቆሰ ያበላሸዋል። ሲበሱ ከሥር የሚያነጥፉትም እንጨት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ እንጂ ድንጋይ ወይም ብረት መሆን የለበትም፤ አንድ ምት ጥርሱን ያጎብጠዋል። የቀረው ሁሉ ሥራው ራሱ ሲጠይቅዎ ይገዛል።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ቢላው ነው። ቢላ ተስሎ ቢሸጥም እንኳ ለቆዳ የሚበቃ ስለት ይዞ አይመጣም፤ ስለዚህ ስለት ማውጣትን ከመስፋት በፊት መማር ይገባል። ቁጥሩ 1000 በሆነ የውሃ ሞረድ ጀምረው፣ 3000 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ አለስልሰው፣ በመጨረሻ በእንጨት ላይ በተለጠፈ ቆዳ ላይ አረንጓዴውን የክሮም ኦክሳይድ ቅባት ቀብተው የስለቱን ጀርባ ወደ ፊት አድርገው ይጥረጉት። ሞረዱን በየቀኑ አይፈልጉትም፤ በቅባት ቆዳው ላይ መጥረግ ግን በሥራ መካከል በየጊዜው የሚደረግ ነው። ቢላዎ መዶልዶሙን የሚያውቁት የቁራጭ ቆዳ ጠርዝ ለማሳሳት ሲሞክሩ ነው፤ ቆዳው ከስለቱ ፊት እየተጨማደደ የሚሸሽ ከሆነ ወደ ሞረዱ ይመለሱ። የዶለዶመ ቢላ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ሲበዛ ደግሞ ቢላው ይንሸራተታል፤ ጣት የሚቆረጠውም ያኔ ነው።

ሲቆርጡ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አይጣደፉ። የመጀመሪያው ጉዞ መስመሩን ብቻ ያስይዛል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቆዳውን ይለያያሉ። ማስመሪያውን ሁልጊዜ በሚፈልጉት ቁራጭ ላይ ያስቀምጡ፤ ቢላው ቢስት የሚበላሸው የሚጣለው ወገን ይሆናል።

ስለ ቆዳው ደግሞ፣ ለመማሪያ በዕፅዋት ቅርፊት የለፋውን ይምረጡ፤ ይቆረጣል፣ ቅርጽ ይይዛል፣ ጠርዙም ሲታሽ ያበራል። ለኪስ ቦርሳ ውስጥ 1 ሚሊ ሜትር፣ ለውጪው ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ሳይደረብ ከአንድ ቆዳ ብቻ ለሚሠራ ቀበቶ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ሻጮች ውፍረቱን በኦንስ የሚናገሩ ከሆነ 1 ኦንስ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር እንደሚጠጋ ያስቡ። ቀበቶው ከጀርባው በኩል፣ ከአከርካሪው ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆረጥ፤ ከሆዱ በኩል የተቆረጠ ቀበቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይለጠጣል፣ ዘለበቱ የሚገባባቸው ቀዳዳዎችም ይላላሉ።

ጥያቄ፦ በስፌት መኪና የተሰፋ የትከሻ ቦርሳዬ በአንድ ቦታ ክሩ ተበጥሶ ስፌቱ በሙሉ ተተረተረ። በእጅ የተሰፋ እንዲህ አይሆንም ይባላል፤ እውነት ነው? ራሴ ሞክሬ ነበር፤ ፊቱ ጥሩ ሆኖ ጀርባው ግን እዚህም እዚያም ተወላገደ።

መልስ፦ እውነት ነው፤ ምክንያቱም ከክር ጥንካሬ ሳይሆን ከክሩ አካሄድ የመጣ ነው። የስፌት መኪና ሁለት ክሮችን ይጠቀማል። አንዱ በላይ፣ ሌላው በታች እየሄዱ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ይቆላለፋሉ፤ የላዩ ሁልጊዜ በላይ፣ የታቹም ሁልጊዜ በታች ይቀራል። አንደኛው ሲበጠስ ሌላው የሚቆልፈው ነገር ያጣል፤ ስፌቱም ከዚያ ቦታ ጀምሮ ሊተረተር ይችላል። ኮርቻ ሰሪዎች ሲሰፉበት የኖሩት የእጅ ስፌት ግን በሁለቱ ጫፎቹ ላይ መርፌ የተሰካበት አንድ ክር ነው። ሁለቱ መርፌዎች በአንዱ ቀዳዳ ከተቃራኒ ወገን ይገባሉ፤ ስለዚህ ከፊት የነበረው ወደ ኋላ፣ ከኋላ የነበረው ወደ ፊት ይወጣና በየቀዳዳው ይፈራረቃሉ። አንዱ ስፌት ቢበጠስ የክሩ ሌላኛው ወገን በዚያው ቀዳዳ አልፎ ሁለቱን ቆዳዎች ይዞ ይቆያል። ይህን በዐይንዎ ለማየት በሁለት ቁራጮች ላይ 10 ያህል ስፌት ሰፍተው መካከለኛውን በቢላ ይበጥሱትና ቆዳዎቹን ለመለያየት ይሞክሩ።

አሁን ወደ ተወላገደው ጀርባ እንሂድ። ደብዳቤዎ እንዴት እንደሰፉ ስለማይነግረኝ ከመጀመሪያው ልጀምር። ከጠርዙ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው በኮምፓሱ መስመር ያሥምሩ። ጥርስ ያለውን መብሻ መስመሩ ላይ አቁመው ይምቱ፤ ወደ ቀጣዩ ሲሸጋገሩ የመጀመሪያውን ጥርስ ቀደም ሲል በተበሳው በመጨረሻው ቀዳዳ ውስጥ ያስገቡት፤ ርቀቱ እኩል የሚሆነው በዚህ ነው። ቆዳው ወፍራም ከሆነ መብሻው ምልክት ብቻ ያድርግ፤ ቀዳዳውን የሚያወጣው ወስፌው ነው። በ4 ሚሊ ሜትር ለተራራቁ ቀዳዳዎች 0.8 ሚሊ ሜትር፣ በ3 ሚሊ ሜትር ለተራራቁ ደግሞ 0.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክር ይስማማል። የክሩ ርዝመት የስፌቱን መስመር 4 ጊዜ ያህል ይሁን፤ ለወፍራም ቆዳ ከዚያም ይጨምሩ። የተልባ እግር ክር ከሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ በንብ ሰም ላይ ያሳልፉት፤ ሰሙ ክሩን ከመላጥ ይጠብቀዋል፣ በቀዳዳው ውስጥም ይዞ ያቆየዋል።

ጀርባው የሚወላገድባቸው ምክንያቶች አራት ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ከሁሉ የሚበዛው ግን የቅደም ተከተል መለዋወጥ ነው። ሁልጊዜ በአንድ እጅ የሚያዘው መርፌ አስቀድሞ ይግባ፤ ለምሳሌ ከግራ። ወደ ቀኝ እንደወጣ ሁለተኛውን መርፌ ከሥሩ መስቀል አድርገው ይያዙት፤ ሁለቱን አንድ ላይ እየሳቡ የመጀመሪያውን ክር ያውጡ፤ ከዚያም ሁለተኛውን በዚያው ቀዳዳ በአንድ ወገን፣ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ያስገቡ። አንድ ጊዜ ከላዩ፣ ሌላ ጊዜ ከታቹ ካስገቡት ጀርባው የተዘበራረቀ ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት መርፌው አስቀድሞ የገባውን ክር መውጋቱ ነው፤ መርፌዎቹ ጫፋቸው የደነዘ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ሆኖም ሁለተኛውን ከማስገባትዎ በፊት የመጀመሪያውን ክር ጥቂት ወደ ኋላ ቢስቡት ስጋቱ ጨርሶ ይወገዳል። ሦስተኛው ወስፌው ዘንበል ብሎ መግባቱ ሲሆን ይህ በፊት በኩል አይታይም፤ በጀርባ ግን ቀዳዳዎቹ ከመስመር ይወጣሉ። አራተኛው የእጅ ጉልበት አለመመጣጠን ነው።

አንድ ነገር ግን ላጽናናዎ። የወስፌው ምላጭ አራት ማዕዘን ያለውና ዘንበል ያለ ቀዳዳ ስለሚያወጣ የፊቱ ስፌት ሰያፍ ሆኖ ይተኛል፤ በጀርባ ግን ስፌቱ ቀጥ ብሎ ይታያል። ይህ የስፌቱ ባሕርይ እንጂ ስሕተት አይደለም። በሁለቱም ወገን ሰያፍ እንዲሆን ከፈለጉ ሁለተኛው መርፌ ገና በቀዳዳው ውስጥ ሳለ ክሩን ከላዩ አንድ ጊዜ አዙረው ያሳልፉ፤ ይህ ሥራውን ያዘገየዋል፣ ለኪስ ቦርሳ ያስኬዳል፤ ለቀበቶ ግን ድካሙ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ሲጨርሱ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሰው ይስፉና ክሩን ከቆዳው ጋር አስጠግተው ይቁረጡ። ፖሊስተር ከሆነ ጫፉን በትንሽ ነበልባል ያቅልጡት፤ የተልባ እግር ከሆነ ጠብታ ሙጫ ይበቃዋል። መስመሩን በመዶሻ ቀስ ብለው ቢመቱት ክሩ ይተኛል።

ጥያቄ፦ ቅርጽ ልቀርጽበት ያረጠብኩት ነጣ ያለ ቆዳ ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች ወጡበት። ውሃው ንጹሕ ነበር። ሻጋታ ነው?

መልስ፦ ሻጋታ እንዲህ ፈጥኖ አይወጣም። ይህ የብረት ጥቁረት ነው። በዕፅዋት የለፋ ቆዳ በታኒን የተሞላ ነው፤ ታኒን በእርጥበት ውስጥ ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ውሕድ ይፈጥራል። የጥንት ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም ካዘጋጁባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር፤ እርስዎ ሳያስቡት በቆዳዎ ላይ ቀለም በጥብጠዋል። ከሞረድ የወጣ የብረት ብናኝ በጠረጴዛው ላይ ወይም በእጅዎ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ በእርጥብ ቆዳ ላይ የተረሳ ማስመሪያም ይህን ያደርጋል። ስለዚህ ቢላ የሚስሉበትና ቆዳ የሚያረጥቡበት ቦታ አንድ አይሁን፤ ከሳሉ በኋላም እጅዎን ይታጠቡ።

ነጠብጣቡን በሎሚ ጭማቂ ሊያቀሉት ይችላሉ። አስቀድመው በቁራጭ ላይ ይሞክሩ፤ በትንሽ ጨርቅ ነክረው ይቀቡና ሲደበዝዝ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት፤ የቀረ አሲድ ቆዳውን ያደክመዋል። ጥቁረቱ ከሥር ከገባ አይለቅም፤ ያኔ ቁራጩን በሙሉ ማጥቆር ይሻላል። ይህም ቢሆን የታወቀ ዘዴ ነው፦ የብረት ቁርጥራጭ በአቼቶ ውስጥ ለቀናት ዘፍዝፈው ፈሳሹን ቢቀቡት ቆዳው ወዲያው ይጠቁራል።

ለመቅረጽ ሲያረጥቡም ቆዳው ውሃ እያንጠባጠበ ሳለ አይጀምሩ። ቀለሙ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ጥቂት ሲቀረውና ጉንጭዎ ላይ ሲያስነኩት ሲቀዘቅዝ ነው ቅርጹን የሚይዘው። ለማድረቅ እሳት ወይም ፀሐይ አይጠቀሙ፤ እንዲህ ያለ ቆዳ እርጥብ ሳለ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይኮማተራል፤ የተኮማተረውም አይመለስም።

ጥያቄ፦ የቦርሳዬን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ አርጥቤ፣ በእንጨት ለሰዓታት አሸሁት፤ ግን እየላላ ይነሣል እንጂ አያበራም።

መልስ፦ ጥፋቱ የእንጨቱም የእጅዎም አይመስለኝም፤ ቆዳው በዕፅዋት ሳይሆን በክሮም፣ ማለትም በብረታ ብረት ጨው፣ የለፋ ነው። በዚህ መንገድ የለፋ ቆዳ ለስላሳና ውሃን የሚታገሥ ቢሆንም ጠርዙ በማሸት አይጣበቅም። እርግጠኛ ለመሆን ከትርፉ ቀጭን ቁራጭ ወስደው ለአንድ ደቂቃ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ያኑሩት፤ በዕፅዋት የለፋው ይኮማተራል፣ ይጠነክራል፤ በክሮም የለፋው ቅርጹን እንደያዘ ይወጣል። ሲቆረጥ መካከሉ ወደ ሰማያዊነት ያዘነበለ ግራጫ ከሆነም ይህ ሌላ ምልክት ነው። አቃጥሎ መለየትን ግን አይሞክሩ፤ የክሮም ቆዳ ጭስና አመድ ለጤና ጥሩ አይደለም።

ለእርስዎ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የጠርዝ ቀለም ነው፤ ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ሲደርቅ ቁጥሩ 400 በሆነ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ይድገሙ፤ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይበቃል። በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ የተቀባ ቀለም በኋላ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ማጠፍ ነው። ከጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ከሥጋው ወገን ውፍረቱን በግማሽ ያሳሱ፤ ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ቀብተው በእጅ ሲነካ እስከማይጣበቅ ድረስ ይጠብቁ፤ ከዚያ አጥፈው በመዶሻ ይጫኑት። መስኮት መክፈትን አይርሱ፤ የማስቲሽ ሽታ ጭንቅላት ያዞራል።

ጥያቄ፦ የሠራሁትን ቀበቶ በየሳምንቱ ዘይት እቀባዋለሁ። ይበዛል?

መልስ፦ ይበዛል። ዘይት የበዛበት ቆዳ ይልፈሰፈሳል፣ ቀዳዳዎቹም ይለጠጣሉ። ቀበቶው ሲታጠፍ ድርቀት ሲሰማዎ ብቻ፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በጨርቅ ስስ አድርገው ይቀቡና ለአንድ ሌሊት ይተዉት፤ በማግስቱ ያልገባውን ይጥረጉ።