ሲከፈት የሚዘምር ሳጥን ምን ተብሎ ይቀረጣል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ሙዚቃ መሣሪያዎች ቀረጥ ስጽፍ መጨረሻው ላይ የሙዚቃ ሳጥንን አንሥቼ ነበር። ሁለት መስመር ብቻ። ከዚያ ወዲህ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ እሱ ሆነ። በቁልፍ ሲሞላ የሚያዜም ሳጥን፣ ወፍ ብቅ እያለ የሚጮህበት ሰዓት፣ ባሌሪና የምትሽከረከርበት የጌጥ ማስቀመጫ፣ አያት ትተውት የሄዱት ግራሞፎን። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ ስም ትቼ እመልሳለሁ።

ከአዳማ፦ የዳኛ ፊሽካ ላስመጣ ነው። የስፖርት ዕቃ ነው አይደል?

አይደለም። ፊሽካ የታሪፍ ቁጥሩ፣ ማለትም ጉምሩክ ዕቃን የሚመድብበትና ቀረጡን የሚያይበት ቁጥር፣ 92.08 ነው፣ ከሙዚቃ ሳጥን ጋር አንድ ቤት። ንዑስ ቁጥሩ 9208.90። አዳኞች ወፍ የሚጠሩበት መሣሪያም እዚያው ነው።

ከመርካቶ፦ ጋሼ ብላ የጻፈችልኝ ባለሱቅ ከቻይና የጌጥ ሳጥን ታስመጣለች። ክዳኑ ሲከፈት ትንሽ ባሌሪና እየዞረች ሙዚቃ ይሰማል። የመጀመሪያው ጭነት "መጫወቻ" ተብሎ አለፈ። በሁለተኛው ሌላ ትራንዚተር፣ ማለትም ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ወኪል፣ "የሙዚቃ ሳጥን" ብሎ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ቅጹን) ሞላ። በሦስተኛው ፈታሹ ሁለቱንም አልቀበልም አለና ዕቃው ተያዘ። "ማንን ልመን?" ትላለች።

እህቴ፣ ማንንም ከማመንሽ በፊት ከሳጥኖቹ አንዱን አንሺና ፍቺው። ይህን የምልሽ ከልቤ ነው። ትንሽ ብሎን መፍቻ ይበቃሻል።

ከሥር ያለውን ክዳን ስታነሺ የክብሪት ቀፎ የምታህል ማሽን ታገኛለሽ። በአንድ ጎኗ ሞላ አለ፣ ቁልፉ የሚያጠብቀው እሱን ነው። መሀል ላይ ትንሽ የናስ ሲሊንደር አለ። በጣትሽ ብትዳስሺው ይሻክራል፣ ላዩ ላይ ብዙ ጥቃቅን ጉጦች አሉና። ከሲሊንደሩ አጠገብ ማበጠሪያ የመሰለ ብረት ተገጥሟል፣ በርካሾቹ ላይ ብዙውን ጊዜ 18 ጥርስ አለው። ሲሊንደሩ ሲዞር ጉጡ ጥርሱን ያነሣውና ይለቀዋል፣ ጥርሱ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ይወጣል። የሰዓት ሆድ ዕቃ መምሰሉ አይግረምሽ። እ.ኤ.አ. በ1796 ይህን ዘዴ የፈጠረው አንትዋን ፋቭር የጄኔቫ ሰዓት ሠሪ ነበር።

እንግዲህ ይህ ማሽን ሙዚቃ እንዲያሰማ ብቻ ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ዕቃው የሙዚቃ ሳጥን ነው፣ 9208.10። ያንቺ ሳጥን ግን ሌላ ሥራ አለው። የቀለበት መሰኪያ አለው፣ ትንሽ መሳቢያ አለው፣ ለሐብልና ለጉትቻ የተከፋፈለ ቦታ አለው። የኤችኤስ፣ ማለትም እነዚህ ቁጥሮች የመጡበት ዓለም አቀፍ የዕቃ አመዳደብ፣ ማብራሪያ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ ሙዚቃ ቢኖረውም ዋና ሥራው መገልገያ ወይም ጌጥ የሆነ ዕቃ የሙዚቃ ሳጥን አይባልም። ሙዚቃው ባይኖርበት ኖሮ የሚገባበት ቁጥር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማሽኑን በሐሳብሽ አውጪው። የሚቀረው ምንድነው? የጌጥ ማስቀመጫ።

አሁን ደግሞ ጠርዙን በጥፍርሽ ጫሪው። እንጨቱ ራሱ ከሆነ የሚታየው፣ የእንጨት የጌጥ ሳጥኖች ያሉበት 44.20 አለ። ሥዕል የታተመበት ወረቀት ከተላጠልሽ፣ ወይም ላዩ በሙሉ ጨርቅ ወይም ቆዳ ከለበሰ፣ ጉዳዩ ወደ 42.02 ይሄዳል። ባሌሪና ያለባቸው ሮዝ ሳጥኖች አብዛኞቹ በወረቀት የተለበጡ ናቸው። ስለዚህ ፈታሹ "ሁለቱንም አልቀበልም" ማለቱ ክፋት ላይሆን ይችላል።

"መጫወቻ" የሚለውን ተይው። 95.03 ልጅ ለሚጫወትበት ነገር ነው። የመጫወቻ ጊታርና የመጫወቻ ፒያኖ እዚያ ይገባሉ። ሳጥንሽ ሮዝ ስለሆነና ሴት ልጆች ስለሚወዱት ብቻ መጫወቻ አይሆንም።

ይህን ሁሉ የማወራው ቁጥር ስለምወድ አይደለም። የቀረጥ ልዩነት ብቻውን አይመጣም። ቫት 15 በመቶ የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ነው። ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ግብር፣ 10 በመቶ፣ ደግሞ በዚያ ሁሉ ላይ ይሰላል። ስለዚህ በሁለት ቁጥሮች መካከል 10 በመቶ የቀረጥ ልዩነት ቢኖር፣ በ1,000 ብር ዕቃ ላይ 100 ብር ሳይሆን 126 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። በጭነት ሲባዛ ትርፍሽን ይበላዋል።

እኔም በጀማሪነቴ ኢንቮይስ አንብቤ ብቻ ዲክላራሲዮን እሞላ ነበር። አንድ ቀን ወረቀቱ "የሙዚቃ ስጦታ" የሚል ጭነት መጣ። ሳልከፍት ሞላሁ። ካርቶኑ ሲፈታ ውስጡ የሸክላ ምስሎች ናቸው፣ ሆዳቸው ውስጥ ማሽን የተቀበረ። የጌጥ ሸክላ ደግሞ ቁጥሩ 69.13 ነው። እስኪስተካከል ድረስ የመጋዘን ኪራይ በየቀኑ ይቆጥር ነበር፣ ባለንብረቱ ደግሞ በየቀኑ ስልክ ይደውልልኝ ነበር። ያን ሰው የበዓል ገበያ አሳጥቼዋለሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ናሙና ሳላይ አልሞላም።

ከሚቀጥለው ጭነት በፊት እንዲህ አድርጊ። ሳጥኑን ተዘግቶ፣ ተከፍቶና ተፈቶ ፎቶ አንሺው። ከምን እንደተሠራና በምን እንደተለበጠ አምራቹ በደብዳቤ ይጻፍልሽ። ይህን ይዘሽ ከጉምሩክ ኮሚሽን በጽሑፍ የታሪፍ ውሳኔ ጠይቂ። እባክሽ ይህን አትዝለይ። የእኔ ጽሑፍ ፈታሽ ፊት ማስረጃ አይሆንሽም፣ ያ ወረቀት ግን ይሆንሻል። ትራንዚተርሽም ፈቃድ ያለው ይሁን። ዕቃውን ሳያይ ቁጥር የሚነግርሽን ደግሞ ቀይሪው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ ድሮ ከጀርመን የሙዚቃ ሳጥን ሳዝ ቀረጥ አልከፍልም ነበር። አሁን ዕቃ አድራሹ ድርጅት ሒሳብ ላከብኝ። ተሳስቶ ነው?

አልተሳሳተም። ከ800 ዶላር በታች የሆነ እሽግ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረበት አሠራር እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር ቆሟል። መደበኛው የአሜሪካ ቀረጥ ለሙዚቃ ሳጥን 3.2 በመቶ ነው፣ በ9208.90 ላሉት ደግሞ 5.3 በመቶ። በዚያ ላይ በአገር በአገር የሚጨመረው አለ፣ እሱ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ዕቃው በሚገባበት ቀን ያለውን ማየት ነው። አድራሹም የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል። ከጉዞ ሲመለሱ በሻንጣዎ ይዘው የሚገቡት ግን ሌላ ነው። ከጉዞ የሚመለስ ነዋሪ እስከ 800 ዶላር ያለ ቀረጥ የማስገባት መብት አለው።

ሌላ አንባቢ፣ እዚያው አሜሪካ፦ ሻጩ "መጫወቻ፣ ስጦታ፣ 10 ዶላር" ብሎ እንዲጽፍልኝ ብጠይቀውስ?

አይጠይቁት። መጫወቻ አሜሪካ ውስጥ መደበኛ ቀረጥ እንደሌለበት ሰምተው ነው፣ ገብቶኛል። የገዙት ዕቃ ግን ስጦታ አይደለም። ዋጋውም 10 ዶላር አይደለም። የአሜሪካ የጉምሩክ ሕግ፣ ክፍል 1592፣ የሚቀጣው ሆን ብሎ የዋሸውን ብቻ አይደለም፣ በቸልተኝነት የተሳሳተውንም ነው። እርስዎ ደግሞ ሆን ብሎ እንዲዋሽልዎ ሻጩን በጽሑፍ ሊጠይቁ ነው። ለ3 በመቶ ቀረጥ!

ከፍራንክፈርት፦ ስዊዘርላንድ ሄጄ የሙዚቃ ሳጥን ልገዛ ነው። ስመለስ እቀረጣለሁ?

በየብስ ከተመለሱ እስከ 300 ዩሮ፣ በአውሮፕላን እስከ 430 ዩሮ ለራስ የተገዛ ዕቃ ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ የአውሮፓ ኅብረት መደበኛ ቀረጥ ለሙዚቃ ሳጥን 2.7 በመቶ ነው። እሱንም ማስቀረት ይቻላል፣ ስዊዘርላንድና አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1972 የተፈራረሙት የነፃ ንግድ ስምምነት አለና። ግን ልብ ይበሉ፦ ሳጥኑ ስዊዘርላንድ ውስጥ መገዛቱ አይበቃም፣ እዚያ የተሠራ መሆን አለበት። በስዊዘርላንዷ ሴንት ክሯ ከተማ የተሠራና ከእስያ መጥቶ ጄኔቫ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አንድ አይደሉም። ሻጩ በደረሰኙ ላይ የሥሪት አገር መግለጫ ይጻፍልዎ። እስከ 6,000 ዩሮ ድረስ ማንኛውም ሻጭ መጻፍ ይችላል። የጀርመን 19 በመቶ ቫት ግን በዚህ አይቀርም።

ሲከፈት "መልካም ልደት" የሚል ካርድ? ካርድ ነው። 49.09።

ወፍ እየወጣ የሚጮህበት የግድግዳ ሰዓት? ሰዓት ነው። 91.05።

ከባሕር ዳር፦ የአያቴ ግራሞፎንም በእጅ ነው የሚሞላው፣ ሞላ አለው። ከሙዚቃ ሳጥን በምን ተለየ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። የሙዚቃ ሳጥን ድምፁን ራሱ ይፈጥራል፣ ጥርሱ ሲመታ ዜማው እዚያው ይወለዳል። ግራሞፎን ግን ሌላ ሰው ሌላ ቀን የዘፈነውን ከሸክላው ላይ መልሶ ያሰማል። ስለዚህ የሙዚቃ መሣሪያዎች ካሉበት ምዕራፍ 92 ወጥቶ ወደ 85.19 ይሄዳል። በጥቅል ወረቀት ራሱን የሚጫወት ፒያኖ ደግሞ ፒያኖነቱን አይለቅም፣ 92.01 ነው።

ከቨርጂኒያ፦ ፓሪስ ውስጥ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው ሳጥን አግኝቻለሁ። ሲከፈት ትንሽ ወፍ ብድግ ብላ ክንፏን እያራገበች ትዘምራለች። ክዳኑ የኤሊ ቅርፊት ይመስላል። ቀረጡ ስንት ነው?

ዕድሜው ከ100 ዓመት በላይ መሆኑን ካስመሰከሩ ቁጥሩ የአንቲክ (የጥንት ዕቃ) ቁጥር 97.06 ነው፣ በአሜሪካ መደበኛ ቀረጡ ዜሮ። ቢጠገንም የድሮ መልኩን እስከያዘ ድረስ መብቱ አይጠፋም። የባለሙያ ግምት ወይም የቀድሞ የሽያጭ ወረቀት ይያዙ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ቀረጡ አይደለም፣ ቅርፊቱና ላባው ነው። የባሕር ኤሊ ቅርፊት፣ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት፣ ንግዱ የተከለከለ ነው። የእነዚህ ወፎች ላባ ደግሞ አንዳንዴ እውነተኛ የሃሚንግበርድ ላባ ነው፣ እሱም በስምምነቱ ጥበቃ ሥር ነው። ያለ ፈቃድ ከመጣ ሊወረስብዎ ይችላል። ለአንቲክ የተለየ አሠራር አለ፣ ግን ማስረጃና ፈቃድ ይፈልጋል፣ በተወሰኑ ወደቦች ብቻም ነው የሚገባው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎትን ይጠይቁ። ሻጩ "ችግር የለም" ቢልዎት አይስሙት። ከፈረንሳይ ለማውጣትም ፈቃድ ያስፈልግ ይሆናልና ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ የጉምሩክ ወኪል ይያዙ።

ከአዲስ አበባ፦ እንጨት ሠሪ ነው። ከዋንዛ ሳጥን እየሠራ ማሽኑን ብቻ ማስመጣት ይፈልጋል፣ ዜማው በትዝታ ቅኝት እንዲሆን። "ማሽኑ ብቻውን ሙዚቃ ሳጥን ይባላል?"

አይባልም። ማሽኑ ብቻውን ክፍል ነው፣ 92.09። ቁጥሩ ውስጥ የሙዚቃ ሳጥን ማሽን በስሙ ተጠቅሷል። ግን ማሽኑንና የተቆራረጠ ሳጥኑን አብረህ በአንድ ጭነት ካስመጣህ፣ ያልተገጣጠመም ቢሆን እንደ ሙሉ የሙዚቃ ሳጥን ይታያል። አንተ ሳጥኑን እዚሁ ስለምትሠራ ችግር የለብህም።

ስለ ዜማው ልጨምርልህ፣ ሐሳብህ ስለማረከኝ ነው። 18 ጥርስ ለትዝታ ይበቃል። ቅኝቱ አምስት ድምፅ ስለሆነ በሦስት እርከን 15 ጥርስ ይይዛል። የቀሩትን ሦስት ጥርሶች ቶሎ ቶሎ ለሚደጋገሙት ድምፆች ድርብ አድርጋቸው። አንድ ጥርስ ሳይረጋ ደግሞ ጉጥ ከነካው ይንጫጫልና። ለአምራቹ ትእዛዝ ስትልክ ይህን ንገረው።

ከዳላስ፦ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ጸናጽል፤ የሁሉም ቁጥር? ክራርና ማሲንቆ 92.02፣ ዋሽንት 92.05፣ ከበሮና ጸናጽል 92.06። ድምፁ ግድ በኤሌክትሪክ መጉላት ያለበት ክራር ከሆነ 92.07።

ከሲያትል፦ የእናቴ የሙዚቃ ሳጥን ጥርሶቹ ተሰብረዋል። ስዊዘርላንድ ለጥገና ልልከው ነው። ሲመለስ በሙሉ ዋጋው እቀረጣለሁ?

አይቀረጡም። ለጥገና ወጥቶ የሚመለስ ዕቃ በአሜሪካ 9802.00.50 ይገባል፣ ቀረጡም የሚሰላው በጥገናው ዋጋ ላይ ብቻ ነው። ግን ከመላክዎ በፊት ጉምሩክ ሄደው በቅጽ 4455 ያስመዝግቡት። ከተላከ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስመዝገብ የለም። ከሳጥኑ ሥር ያለውን መለያ ቁጥር ይጻፉ፣ የተሰበሩትን ጥርሶች በቅርብ ፎቶ ያንሡ፣ የጥገናው ደረሰኝም የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለይቶ ያሳይ። ሞላው እስኪያልቅ ድረስ ያጫውቱትና ያሽጉት። ተሞልቶ ከተላከ መንገድ ላይ የቀሩት ጥርሶችም ሊሰበሩ ይችላሉ።