ካሜራ ሳይኖር የት/ቤት ቴሌቪዥን ዜና ይጀመራል?

ሰላም እህቴ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያውን ወደ ቴሌቪዥን ዜና ማሳደግ ፈልገን ካሜራ አጣን ብለሽ ለጠየቅሽው፣ የካሜራውን ነገር ተዪው። አንድ ደህና ስልክ ይበቃል። በአግድም ያዙት፣ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) አድርጉት፤ የኛ አገር መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ በ30 ስትቀርጹ አንዳንዱ አምፖል ምስሉን ያርገበግበዋል።

ገንዘብ ካላችሁ ድምፅ ላይ አውሉት። ደብዘዝ ያለ ምስል ሰው ይታገሳል፣ የማይሰማ ዜና ግን ማንም አያይም፣ በተለይ እናንተ ጋ ሲኖትራኩ፣ ግንባታው፣ ነፋሱ አለ። ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ ከሌለ የስልኩን የጆሮ ማዳመጫ ማይክ ዜና አንባቢዋ ኮሌታ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዙት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይዘቱ ነው። በሰልፍ ላይ የተነገረውን ማስታወቂያ መልሶ ማንበብ ዜና አይደለም! ውሃው ለምን ጠፋ፣ መጽሐፉ ለምን ለሁለት ተማሪ አንድ ሆነ፣ እሱን ጠይቁ። ርዕሰ መምህሩም መልስ ይስጡበት፣ ሳይቆረጥ ይቅረብ። ርዕስ የሚመርጡት ተማሪዎቹ ይሁኑ፣ መምህሩ እውነት መሆኑን ያጣራ። ፊቱ የሚታይ ልጅ ካለ ግን አስቀድማችሁ ወላጅ አስፈቅዱ።

አምስት ደቂቃ ይበቃል። የሚሠራ ፕላዝማ ካለ በፍላሽ አጫውቱት፣ መብራት ከጠፋ በክበቡ ቴሌግራም ልቀቁት።